ማሽን የሆኑት አለቃዬ

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ናዝሬት፣ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ ያለን ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነበር። የመቂ ገበሬዎች የዘር መዝገብ በሙሉ እሱ ውስጥ ስለነበር፣ ኮምፒዩተሩ የሚሠራባቸውን ትእዛዞች ያሻሻለ ሰው በቀጥታ ማሽኑ ላይ መሞከር አይፈቀድለትም። መጀመሪያ በሰው ይሞከራል። አለቃችን ማሽን ይሆናሉ፣ የቢሮው ክፍሎች የመዝገብ ማስቀመጫ ይሆናሉ፣ ለውጡን የጻፈው ሰው ደግሞ ትእዛዙን እንደተጻፈ ያነብላቸዋል።

ያን ዓርብ ተራው የእኔ ነበር። በማግስቱ እህቴ ሻሸመኔ ታገባለች፤ ሚዜዋ እኔ ነኝ። አለቃዬ የፈቃድ ወረቀቴን ፈርመው፣ "ለውጥሽ ካለፈ ትሄጃለሽ፤ ካላለፈ ነገም እዚሁ ነሽ" ብለውኛል። ልቤ ግን አውቶቡስ ተራ ደርሷል።

የጻፍኩት ያረጀ መዝገብ የሚያጠፋ ቀላል ትእዛዝ ነው፦ ወደ ኋላው ክፍል ግባ፣ ያለውን ወረቀት ሁሉ ቅደድ፣ ተመለስ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ኋላው ክፍል ይግቡ" አልኩ።

ንቅንቅ አላሉም። "ማሽን አንቱ አይባልም። እዘዥኝ!"

የአባቴ እኩያ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ "ግባ!" አልኩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

እጃቸውን ገትረው ሄዱና በሩን ገፉት። ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው የግምጃ ቤት ሠራተኛ መቂ ሄዳለች። አለቃዬ እዚያው ቆመው ቀጣዩን መስመር ይጠብቃሉ።

"ኢቲ ፉፊ! ቀጥዪ!" አለ አንዱ ባልደረባችን።

ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው፤ ማዘዙም ጥሞኛል። "ሁሉንም ቅደድ!" ብዬ ጮኽኩ።

ዞር ብለው አጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ ጀመሩ። እዚያ የተደረደሩት ቁርጥራጭ ወረቀቶች ለሙከራው የመቂ መዝገብ ናቸው ብለን ያስቀመጥናቸው ነበሩ። እነሱን ቀዳደው ሲጨርሱ፣ እኔው ራሴ እዚያ የጣልኩትን የፈቃድ ወረቀት አነሱ።

"ጋሼ፣ ኧረ እሱን ይተዉት!"

ቀደዱት።

ያን ጊዜ ገባኝ። በሩ ካልተከፈተ ማሽኑ የሚያጠፋው የቆመበትን ነው። እውነተኛው ኮምፒዩተር ቢሆን ኖሮ የገበሬዎቹ መዝገብ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ወዲያው አንድ መስመር ጨመርኩ፦ መግባት ካቃተህ ባለህበት ቁም።

እንደገና አነበብኩ። "ግባ!" በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቆሙ። "ቅደድ!" አልነኩም። "ተመለስ!" ወይ ፍንክች። ባልደረቦቼ አጨበጨቡ፤ እኔም ዘለልኩ።

አዲስ ፈቃድ ጽፌ እስክሪብቶ ባቀብላቸው አሁንም እንደ ግንድ ተገትረዋል። የመጨረሻው አውቶቡስ ሊወጣ ነው።

"ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ እንጂ!"

"ማሽን ፈቃድ አይፈርምም" አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። "መጀመሪያ አጥፊኝ።"

ትከሻቸውን በጣቴ ተጫንኩ። ያ የደረቀ ፊታቸው በሳቅ ተፈታ። ፈረሙና ሰኞንም ጨመሩልኝ። እንዴት እንደወደድኳቸው!

በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ "ሩጪ!" ብለው አዘዙኝ። ሮጥኩ።