ከሰልና ቫዝሊን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር፣ መሳለሚያ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው አንድም ክፉ ሰው ስላልነበረበት ነው። የነበረችው አንድ ነገር ብቻ የፈለገች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነች፤ የቀረነው የሚበጃትን ከእሷ ይልቅ እናውቃለን የምንል አዋቂዎች ነን።

ትምህርት ቤቱ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን የልጆች የሥዕል መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሰፈር ውስጥ መጽሐፍ በማንበብና በምንም ነገር ባለመስማማት ስለምታወቅ፣ በምረቃው ላይ ስለ አካታችነት ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ። መጽሐፉን አስቀድሜ አየሁት። በየገጹ አንድ ልጅ የአንዱን ብሔረሰብ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ሠዓሊው አንድ ፊት ሥሎ በሁሉም ገጽ ላይ ገልብጦታል፤ ያው አፍንጫ፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ቀይ ዳማ ጉንጭ። ጋምቤላ ላይ ሲደርስ ብቻ ያንኑ ፊት ጥቁር ቀብቶታል። ከሥሩ «ቆዳዬ ጥቁር ነው፤ ዋና እወዳለሁ» ይላል። ስለ ሌሎቹ ልጆች ቆዳ መጽሐፉ ምንም ያለው ነገር የለም።

በዕለቱ ቀደም ብዬ ደረስሁ። ከመድረኩ ጀርባ እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን ቢላልን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊቱን ይቀቡታል። እትዬ ዘሃራ ሶማሌ ተራ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ፤ የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለሆኑ የልጆቹን የባህል ልብስ በሙሉ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከሰል ደቁሰው በቫዝሊን ለውሰዋል።

«ምን እያደረጉት ነው እትዬ?»

«ጋምቤላ እያደረግሁት ነዋ» አሉኝ፤ ወደ ልጃቸው ዞረውም «አፍህን ግጠም አንተ፣ ይገባብሃል።»

ራቅ ብላ አጁሉ ቆማለች። ወላጆቿ ከጋምቤላ የመጡ ናቸው፤ በክፍሏ ውስጥ እንደ እሷ የጠቆረ ልጅ የለም። የደንብ ልብሷን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ፣ መጽሐፉን ገልጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ከሰሉን አየሁ፣ እሷን አየሁ፣ ከዚያ መምህርቷን ሰብለን ጠራኋት።

«ይቺ ልጅ እያለች?»

«እንዳይሰማት ብለን ነው ጋሼ። እሷን ብናወጣት፣ ጥቁር ስለሆነች ነው ያወጧት ይባላል።»

«ስለዚህ ጥቁር ስለሆነች አስቀራችኋት።»

«አያጣምሙብኝ እንጂ ጋሼ። ለእሷው ብለን ነው።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ክርክር አይሰለቸኝም። ለመድረክ ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ እዚያው መምህርቷ ላይ አራገፍሁት። እሷም አልተኛችልኝም። አዳራሹ ውስጥ ወላጆች «ጀምሩ እንጂ» እያሉ ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ አሸነፍሁ። እትዬ ዘሃራ «እኔ ምን ቸገረኝ» ብለው ቢላልን በሶፍት መጥረግ ጀመሩ። ለጋምቤላ ልብሱ ያጠለቁለትን ዶቃ ከአንገቱ አውልቄ ለአጁሉ እንደ ሽልማት ዘረጋሁላት።

አልተቀበለችኝም።

«እኔ ጋምቤላን አላውቀውም» አለች። «አውቶቡስ ተራ ነው የተወለድኩት። እኔ ማንበብ ነው የምፈልገው፣ በማይክ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ የመረጡት እኔን ነው።»

መምህርቷን አየኋት። «ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያያታል ብዬ እኔው ላነብ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። ኀፍረት ብቻ አልነበረም፤ ከእኔ ጋር ስትከራከር ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ማይኩን ለአጁሉ የሰጠቻት በዚህ ምክንያት ነው። ለአካታችነት ያደረግሁት አስተዋፅኦ ይኸው ነው።

አጁሉ አነበበች። ቃል አልዋጠች፣ አልተቻኮለች። ልጆቹ በየገጻቸው እየወጡ ቆሙ። የጋምቤላው ሲደርስ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ያው ቢላል ወጣ፤ ዶቃው አንገቱ ላይ ተመልሷል፣ ከሰሉ ግን አልለቅ ብሎ ፊቱ አመድ መስሏል። አዳራሹ ተንሾካሾከ። አጁሉ መጽሐፉን አየች፣ ቢላልን አየች።

«ቆዳዬ ጥቁር ነው፤ ዋና እወዳለሁ፣ ይላል» አለች በማይኩ። «ይሄ ግን ቢላል ነው። ቤታቸው ሶማሌ ተራ ነው። ዋና አይችልም።»

ቢላል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እውነቷን ነው፤ ወላሂ አይችልም» አሉ እትዬ ዘሃራ ከጎኔ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቀጥሎ የነበረው የእኔ ንግግር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ተናግሬ አላውቅም።

በቅርቡ መጽሐፉ ታርሞ ታትሟል ብለው አንድ ቅጂ ላኩልኝ። የጋምቤላው ልጅ ዋና መውደዱን ትቷል። መጨረሻ ላይ አዲስ ገጽ ተጨምሯል፤ ማይክ የያዘች ጥቁር ልጅ፣ ያው ፊት፣ ያው ፈገግታ። አንገቷ ላይ ዶቃ አድርገውላታል።

ገጹን ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። ከዚያ ያንን ዶቃ መጀመሪያ የዘረጋላት ማን እንደሆነ ትዝ ይለኝና መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አጁሉን አውቶቡስ ተራ አግኝቼ አሳየኋት። ገጹን ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔኮ ሹራብ ነበር የለበስኩት።»