በአጎቴ ስም የተመዘገበው ቁጥር

«በስሜ ነዋ የተመዘገበው። ታዲያ ማንን ይጠይቁ?» አለ አጎቴ።

አንድ እጁን በበራችን መቃን ላይ፣ ከሚስማሩ ወደተንጠለጠለችው የጨርቅ ከረጢት ሰዷል። ስልካችን ከረጢቷ ውስጥ ናት። እናቴ የእጁን አንጓ ይዛለች። አትጎትተውም፣ አትለቀውምም።

«ጻፈ የምትለው ይሄ ነው» አለችው፣ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። «ተጠየቅሁ የምትለው አንተ ነህ። እዚያ ባሕር ማዶ ያለችው ልጄ ምን አድርጋ ነው የምትቀጣት?»

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አንቀጠቅጣለሁ። ድሮም ረግቶ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ የዚያን ቀን ግን ብነሳም የምሄድበት አልነበረም። በሩ ላይ ሁለቱ ቆመዋል።

ቤታችን ከሉማሜ አስፋልት ወደ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስልክ አገራችን የገባ ሰሞን ኔትወርክ የምናገኘው በራችን ላይ ብቻ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጓዳ ከገቡ ይጠፋል፤ ግቢ ከወጡ ይመጣል ይሄዳል። በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘጋም ይጠፋል። ስለዚህ እናቴ ከረጢት ሰፍታ ስልኳን መቃኑ ላይ ሰቀለቻት፤ በሩንም ከንጋት እስከ ማታ መዝጋት ተወች። በክረምት ዝናቡ እስከ ምድጃው ድረስ ይረጫል። ዶሮዎቹ ቤቱ የራሳቸው መሰላቸው። ጎረቤቶች «የእነ እንትና በር የሚዘጋው ለቀብር ነው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷ ምስሯን እየለቀመች ፊቷን ወደ መቃኑ አድርጋ ትቀመጣለች።

የምትጠብቀው እህቴን ነው። እህቴ ዓረብ አገር ለሥራ የሄደች ጊዜ የሞባይል መስመር የሚገኘው ተመዝግቦ፣ ተራ ጠብቆ ነበር። ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው አጎቴ ስንት ቀን ተሰልፎ አንድ አወጣና ለእናቴ ሰጣት። እህቴ ከመሄዷ በፊት ቁጥሩን እዚሁ ደፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ዳዊት ደጋግማ በቃሏ ያዘችው። በተቀጠረችበት ቤት ስልክ እንድትይዝ አይፈቅዱላትም፤ ቀን ሲቀናት ካገኘችው ሰው ለምና ትደውላለች። አንዳንዴ በሦስት ወር፣ አንዳንዴ በሰባት። መልሰን ስንደውል የማናውቀው ሰው በዓረብኛ ያናግረናል። እሷ ልታገኘን ትችላለች፤ እኛ ልናገኛት አንችልም። ያቺ ቁጥር ከተዘጋች እህቴ ያለችበትን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

በዚያ መሀል አገሩ ተለወጠ። ከተማው ውስጥ ሰው ወረፋ ይዞ የሚደውልባቸው ስልክ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ አንደኛው ፀጉር ቤት፣ ሌላው ሽሮ ቤት ሆነ። ከኮረብታው ላይ የብረት ማማ ቆመ። ያን ያህል የተሰለፉለት ሲም ካርድ ሱቅ ውስጥ ከማስቲካ ጎን ይሸጥ ጀመር። በሬዲዮ የውጭ አገር የስልክ ኩባንያዎች አንዱ ሌላውን እየገዛ እየገዘፈ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ከመጀመሪያውም አንድ ስለነበር የሚውጠው ተፎካካሪ አልነበረም፤ የዋጠው ስልክ ቤቶቹን ነው። ቀጥሎ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር በያዘው ሰው ስም ይመዝገብ ተባለ። እኛ ነገ ዛሬ ስንል የእኛ ቁጥር በአጎቴ ስም እንደሆነች ቀረች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ቅኔ ቤቱ አጥር ጥግ ቆሜ፣ ተማሪዎቹ ሲቀኙ እየሰማሁ፣ ያልገባኝን በራሴ እየሞላሁ ነው የለመድኩት። በኋላ በስልክ መልእክት መጻፍ ጀመርኩ። ስልኳ ፊደላችንን ስለማታውቅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየቆረጥኩ እጽፋለሁ፤ ቦታው ጠባብ ነው፤ ትርፍ ቃል አያስገባም። ከአጥር ጥግ ይልቅ ያ ጥበት አስተማረኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከገበያው ጀርባ ካለች ጉብታ ላይ እየወጣ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ከበላይ አለቆች ጋር በስልክ ያወራል። አንድ ቅዳሜ «ገባኝ ጌታዬ፣ ይፈጸማል ጌታዬ» እያለ ሳለ ስልኩ ጆሮው ላይ ጮኸ። ለካ መስመሩ ላይ ማንም አልነበረም። አጠገቡ ነበርኩ። እስኪመሽ መታገሥ አልቻልኩም፤ በሩጫ ቤት መጥቼ ከመቃኑ ሥር ቆሜ ለአንድ ጓደኛዬ ላክሁ፦

ከጉብታው ላይ ቆሞ ከሹም ጋር ሲያወራ፣
ጆሮው ላይ ጮኸበት ስልኩ እየተጣራ።

ስሜን አልጻፍኩም። ስም ካልጻፍኩ ማን ያውቃል አልኩ። ከመልእክቱ ጋር ቁጥሩ እንደሚሄድ፣ ቁጥሩም የሰው ስም እንዳለበት ልብ አላልኩም። ለጓደኛዬ የላክሁት ለሌላ ተላከ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የገበሬ ልጆች ሊቀመንበሩ ሲያልፍ እያዜሙት ነበር። የሊቀመንበሩ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች የአንዱን ስልክ አይተው ቁጥሩን ያዙ፤ የማን ነው ብለው አጣሩ። አጎቴ ከክፍል ተጠርቶ ወጣ። ቁጥሩን ዘግቶ ለዓርብ ማስረጃ ሊያመጣ ፈረመ። እኛ ቤት የመጣው ረቡዕ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ነው።

«ደሞዜ ነው እታለም» አለ አሁን፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ልጆች አሉኝ።»

እናቴ እጁን ለቀቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ወደ እኔ ስም ይዛወር፣ የመጣው ይምጣብኝ አልኩ።

አጎቴ እንደ መሳቅ አለ። «ለአንተ? ደግሞ እንድትገጥምበት?»

«አይደለም» አለች እናቴ። ወደ እኔ ዞር አላለችም። «እሱ የሚቀመጥ ልጅ አይደለም። ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ከገለባው ጀርባ ከደበቀ ሳምንቱ ነው። በስሙ ከሆነ ቁጥሩም አብሮት አዲስ አበባ ይሄዳል።»

ጉልበቴ መንቀጥቀጡን አቆመ። ያን ከረጢት ያሰርኩት እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ነበር።

«እንግዲያ በማን?» አለ አጎቴ።

«በእኔ።»

አጎቴ መታወቂያ እንደሌላት፣ መታወቂያ ደግሞ ጉርድ ፎቶ እንደሚፈልግ ሊያስረዳት ሞከረ። ይህን የማታውቅ ይመስል። እህቴ የሄደች ለት እናቴን ማርቆስ ፎቶ ቤት ድረስ ወስዳ አብረን እንነሳ ብላ ለምናት ነበር። አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበርና እናቴ በጥቁር ልብስ ፎቶ አልነሳም ብላ በር ላይ ቆማ ቀረች። እህቴ ለብቻዋ ተነሳች። እናቴ ያን ቀን አንስታ አታውቅም፤ እኛም አናነሳባትም።

«ፎቶውን እነሳለሁ» አለች።

«መታወቂያውንስ የሚፈርመው ማን ይመስልሻል?» አጎቴ ይህን ያለው ወደ እኔ እያየ ነው። ሊቀመንበሩ መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን። እያንዳንዱ የቀበሌ መታወቂያ በእሱ እጅ ነው የሚያልፍ።

ተነሳሁ። «እኔ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አልኩ። «እግሩ ላይ እወድቃለሁ።»

«ፊትህን ካየ ግጥሙ ትዝ ይለዋል» አለች እናቴ። «የእኔን ፊት ካየ ግን ልጄ ትዝ ትለው ይሆናል። ክርስትና ያነሳቻት የእሱ እናት ናት።»

ከግድግዳው ነጠላዋን አወረደች፤ አራግፋ ለበሰችው። ከዚያ ከመቃኑ ከረጢቷን ከነስልኳ አነሳችና አንገቷ ላይ አጠለቀቻት። ለስንት ዓመት ስልኳ ከዚያ ሚስማር ርቃ አታውቅም። እናቴ ማማው ከቆመ ወዲህ ኔትወርክ ጓዳ ድረስ እንደሚገባ ስንት ጊዜ ነግሬያት አላመነችኝም ነበር። አሁን ከረጢቷን ደረቷ ላይ አስተካክላ፣ በጣቷ ከፈት አድርጋ፣ የስልኳን መስታወት አየት አደረገች።

«አለ?» አልኳት።

ከረጢቷን መልሳ ዘጋቻት። ለአጎቴ፣ እስክትመለስ ድረስ እዚሁ እንዲጠብቃት፣ ከተሳካላት ከሰዓት በኋላ አብረው ማርቆስ እንደሚወርዱ ነገረችው። ቁርስ መሶቡ ውስጥ አለ አለችን።

ልከተላት ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ደፉን ተሻግራ ዞር አለች። እጇን ወደ ኋላ ልካ ቆርቆሮውን ያዘች። ዶሮዎቹ ተንጫጭተው ወደ ውጭ ሮጡ፤ ቤቱ ጨለመ፤ በሩ ተዘጋ።