በሳሙና የተቀረጸ የአንጎል ግንድ

በትንሽ ቢላ የልብስ ሳሙና ይቀርጻል፤ ቀስ እያለ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ። ከላይ መካከለኛው አንጎል፣ ከሥሩ ሆዱ ገፋ ያለው ፖንስ፣ ከታች ወደ አከርካሪ እየቀጠነ የሚወርደው ሜዱላ። ሦስቱ አንድ ላይ የአንጎል ግንድ ይባላሉ። ቀርጾ ሲጨርስ በመርፌ እየወጋ ቀይና ሰማያዊ ክር ያወጣበታል፤ ነርቮቹ መሆናቸው ነው። ክሩም መርፌውም የእህቱ ናቸው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷው ናት። ጎረቤቱ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም ሳያፍር «አቤት» ይላል። የሕክምና ትምህርቱንስ ጨርሷል፤ የሥራ ፈቃድ ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቋል። የቀረው የዘንድሮው ብቻ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ሌላ ዕድል አይሰጡም።

ባለፈው ፈተና ስለ አንጎል ግንድ ጥቂት ጥያቄዎች መጡበት። «የጣለኝ እሱ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አልገለጠም። የሕፃናት ትኩሳት፣ ምጥ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሁሉም ለእሱ «ተራ ነገር» ሆነ። እህቱ መጀመሪያ ላይ ለደንበኞቿ ሁሉ «ወንድሜ እኮ አንጎል ያጠናል» እያለች ትኮራ ነበር። አሁን ሳሙናውን ስታይ አፏን ይመራታል። አውራ ጣት በምታህል ነገር ውስጥ ይህን የሚያህል ጎረምሳ ተደበቀ!

የፈተናው ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት ሸሚዙን ተኩሳ ሰጠችው።

«ተነስ እንጂ አንተ፤ ዛሬ ይዘጋል።»

«እታለም፣ ይችን ብቻ ልጨርስ። የፊት ነርቭ አስቸጋሪ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይወጣም። የስድስተኛውን ነርቭ መነሻ ዞሮት ነው የሚወጣው።»

«ዞሮም ቢሆን ይወጣል እኮ! አንተ መቼ ነው የምትወጣው?»

ቀሚስ ልትለካ የመጣችው ጎረቤት ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ ተይው፣ ዶክተራችን ይማርበት!»

«ሳሙናውስ ያልቃል እናቴ፤ የማያልቀው የሱ ትምህርት ነው።»

እሱ ፈገግ አለ፤ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» የምትል ፈገግታ። እህቱ ታውቃታለች። ልጅ ሆኖ መምህሩን ፈርቶ «ሆዴን አመመኝ» ሲልም ይችው ፈገግታ ነበረች።

የተሰፋ ልብስ አድርሳ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። መርፌ ላይ ክር እየሰካ ነበር።

«ተመዘገብክ?»

«ሰልፉ ረጅም ነው አሉ። ብሄድም አልደርስም ነበር።»

«ማን አለህ?»

 ክሩን በምራቁ አርሶ አሾለው። እንዲህ ላለ ሰው ቁጣም ይበዛበታል። እህቱ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች።

መመዝገቢያው ቢሮ ከበራቸው የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። አልሄደም።