«አይተህ ነው ሰምተህ?»

ዛሬ ልደታ ታክሲ ሰልፍ ላይ «ነዳጅ አልቋል፤ በእግራችሁ ንኩት!» እያልኩ ሕዝቡን ሳሸብር፣ ከኋላዬ «አይተህ ነው ሰምተህ፣ አንተ ቀልማዳ?» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ ዘነበች! በደርግ ጊዜ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኳቸው። (ራሴ ስድስተኛ ክፍልን አላለፍኩም፤ እንዳትነግሩብኝ።)

ያገኙትን ወሬ ሁሉ እንዳያምኑ ይህችን ጥያቄ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ቀልዴ አልሠራ አለ፤ ለመዋሸት እንኳ ማሰብ ግድ ሆነብኝ። የዚያ ክፍል ሳቅ ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ልጃቸው ግንባር ላይ ሞተ ተባለ። እያለቀስኩ ቤታቸው ስገባ «መምህር፣ አይተህ ነው ሰምተህ?» አሉኝ።

ሰምቼ ነበር። ጥያቄዋን ያኔ ነው ራሴ የተማርኳት። እሳቸው ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ ልጃቸውን ጠበቁት።

ዛሬ ክንዳቸውን ይዞ የቆመው እሱ ነው።

እናንተስ፣ ያስተማራችሁት ሰው መልሶ ምን አስተማራችሁ?