ሚስቴ የመረጠችው ፔዳል

መሰንቆ የያዘ ሰው ጉረኛ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ እኔም እጎርራለሁ፤ የምጎርረው ግን በመሰንቆዬ ሳይሆን በሚስቴ ነው። በሞላሌና በዙሪያዋ ሰርግ በተጠራን ቁጥር እኔ በሰው መሃል እየተዘዋወርኩ እዘፍናለሁ፤ እሷ ከበሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ትመታለች፣ እየመታችም ትቀበለኛለች። ግጥም ሲጠፋብኝ ከበሮውን ታረዝምልኛለች። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትሸፍንልኛለች። ተጋባዡ ይህን አያይም፣ ሽልማቱንም ግንባሬ ላይ ይለጥፋል። እኔ ግን ሁሉን አያለሁ።

ባለፈው ክረምት ቀኝ ትከሻዋን አመማት። መጀመሪያ ብርድ ነው ብለን ወጌሻ አሻት። አልሻል ሲላት ደብረ ብርሃን ሄደን ታየች። ሐኪሙ ረጋ ብለው፣ ከዚህ በኋላ በዚህ እጅሽ ውኃ መቅዳትም ከበሮ መምታትም ይቅርብሽ አሏት። ውኃውን እኔና ልጆቻችን እንቀዳለን። ከበሮው ነበር ነገሩ። ቤት እንደገባን አንስታ ከግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«ነይና በድምፅሽ ብቻ ተቀበይኝ፤ የአክስትሽ ልጅ ከበሮውን ይምታ» አልኳት።

«እኔ እዚያ ምን ሆኜ ልቀመጥ? ተጋባዥ? ተጋባዥ ደግሞ ይጠራል እንጂ ራሱን አይጠራም» አለችኝ።

ለመንኳት፣ አሾፍኩባት፣ ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች። መስከረምና ጥቅምት ላይ በነበሩን ሰርጎች ከአክስቷ ልጅ ጋር ሄድኩ። ልጁ እጁ ብርቱ ነው፣ አይታማም፤ ነገር ግን እኔ ወዴት እንደምሄድ አያውቅም። እኔ ወደ ግራ ስዞር እሱ ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ከሰርግ ስመለስ እሷ፣ ማን ምን ብሎ ግጥም እንደሰጠ፣ ማን እንደሸለለ ትጠይቀኝና ሳልጨርስ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንዲህ እያለች ከሥራችን ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። በአገራችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፤ እኔ ያለ እሷ አንድም ብርቱም አልነበርኩም።

የነቢያት ጾም ገብቶ መሰንቆዬም እንደ ከበሮው ተሰቅሎ ሳለ፣ በስልኬ አንድ ብቻውን ጊታር የሚጫወት ሰው አየሁ። መሬት ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን በእግሩ ይረግጣል፤ ትንሽ ይጫወታል፤ ደግሞ ይረግጣል፤ ሣጥኗ የተጫወተውን ሳትሰለች ትደግምለታለች። በላዩ ላይ ሌላ ይደርባል። ብቻውን ሙሉ ባንድ ሆነ። ስሟን ጠይቄ ሉፕ ፔዳል መሆኗን አወቅሁ። ሐሳቡ ወዲያው መጣልኝ፦ ሚስቴ ደህና በሆነው ግራ እጇ ለአንድ ዙር ያህል ብቻ ትምታ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሣጥኗ ትምታው። ነገርኳት። ከበሮዋን ከግድግዳው አወረደችና አቧራውን ጠረገችው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ሰርግ ላይም አግኝቼው አላውቅም።

በጠዋት አውቶቡስ በጣርማ በር አድርገን አዲስ አበባ ወረድን። ከበሮው እስከዚያ ድረስ ጭኗ ላይ ነበር፤ ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላት አሻፈረኝ አለች። የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ባለቤት ድሮ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወት የነበረ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ጨዋ ሰው ነው። ከበሮ ታቅፋ ስትገባ አይቶ ወንበር አቀረበላት። እኔ ጉዳያችንን ሳስረዳ ሦስት ፔዳሎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

የመጀመሪያው በውስጡ የተዘጋጁ የከበሮ ምቶች ነበሩት። ቁልፉን እያዞረ አንድ በአንድ አሰማት። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በትዕግሥት ሰማችና፣

«ይሄ ማን ሲያገባ ነው የሚመታው?» አለች።

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። «እህቴ፣ የፈረንጅ ነው እንግዲህ። ችክችካ የለውም።»

«ቢኖረውስ፣ ሌላ ሰው የመታውን ይዤ ምን ላደርገው? የራሴን የሚይዝልኝን አሳየኝ።»

ሁለተኛው አንድ መርገጫ ብቻ ያለው፣ ኪስ የሚገባ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ነበር። እኔ ባየሁት ጊዜ ወደድኩት። ማይክራፎን አገናኝቶልን እሷ በግራ እጇ መታች፣ እኔ ረገጥኩ። ፔዳሉ ሲደግመው ምቱ አነከሰ። ዙሩ በሚዘጋበት ቦታ ላይ እግሬ ዘግይቶ ኖሮ፣ ከበሮው በየዙሩ እግሩ እንደተሰበረ በግ እጥፍ ይላል። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርኩ። «እጅህ ሳይጠጣ እግርህ ሰከረ» ብላ ሳቀችብኝ። በመጨረሻ ገጠመልኝ። ለማቆም ግን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ያስፈልጋል፤ እኔ ስረግጠው እሱ በማቆም ፈንታ ሌላ መቅዳት ጀመረ፣ የሱቁ ሳቅ ሳይቀር ገባበት። ሚስቴ እጇን ከከበሮው ላይ አነሳች።

«አይሆንም» አለች። «ሰርግ ላይ መጀመርማ ማንም ይጀምራል። ጭንቁ ማቆሙ ነው።»

ሰውየው ቀዩን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ሦስተኛውን ወደ እሷ ገፋው። ሰፋ ያለ፣ አመድማ፣ ሁለት መርገጫ ያለው ነው፤ አንዱ ለመቅዳት፣ አንዱ ለማቆም ብቻ። «መብራት ሲጠፋስ?» አለችው። በባትሪም ይሠራል አላት። ባትሪው የሚገባበትን ከፍቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው። መርገጫዎቹን በመዳፏ ጫን ጫን እያደረገች ልስላሴያቸውን ሞከረች፣ በጫማ ቢረገጡ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች፣ ዳስ ውስጥ መሬቱ እኩል ስላልሆነ እንዳይናጥ ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጎማ አየች። እኔ ለበግ ግዢም እንዲህ አልጠይቅም።

«ይሄ ነው» አለች።

«ከብዶ፣ መልኩም አስቀያሚ አይደል?» አልኩ፤ ዓይኔ ቀይዋ ላይ ነበር።

«መልክ አይቼ የምመርጥ ብሆን አንተን አገባ ነበር?»

ባለሱቁ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጥምቀት ድረስ በየቀኑ ቤት ውስጥ ተለማመድን። እሷ ትመታለች፣ እኔ እረግጣለሁ። እግሬም ሠለጠነ። ተዘጋጅተናል ብለን አመንን። ነገር ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንደሚባለው አንድ ነገር ሁለታችንም አልታየንም ነበር። በስልክ ያየሁት ጊታር ተጫዋች ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። እኛ አገር ግን አዝማሪ አንድ ቦታ ቆሞ አይዘፍንም። በየተጋባዡ ፊት እየሄደ ያሞግሳል፤ ተጋባዡ ግጥም ሲሰጠው አፍ ካፍ ተቀብሎ በመሰንቆ ይደግምለታል። ከሩቅ ቆሞ መዝፈን ከደጅ ሆኖ ሰላም ብሎ እንደ መሄድ ነው፤ ሰው ይቀየማል።

ጥር ላይ ቀየት በሚባል አገር ሰርግ ተጠራን። ብርዱ ለጉድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የበግ ፀጉር ባና ደርበው ዳሱን ሞልተውታል። ፔዳሉን ከሰርግ ቤቱ ማይክራፎንና ስፒከር ጋር አገናኘን። ሚስቴ ከእኔ ጎን ተቀምጣ በግራ እጇ አንድ ዙር መታች፣ እኔ ረገጥኩ፣ ከበሮው ከስፒከሩ ቀጠለ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መቀበል ጀመረች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ከበሮውንና እጇን እያፈራረቁ አዩ። አንዷማ ከበሮውን በጣቷ ነካ አድርጋ አማተበች። ሞቅ አለ። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ተጋባዡ ገባሁ፣ አንዱን ሳሞግስ ሌላው ሲጠራኝ ከዳሱ ጥግ ደረስኩ።

እዚያ የሙሽራዋ አጎት፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው ለፉከራ ተነሱ። ሰው ሲፎክር ከበሮ አይመታም። ቤቱ ዝም ይላል፣ መሰንቆ ብቻ ከሥር ቀጠን ብሎ ይከተላል። ሣጥኗ ይህን ከየት ታውቃለች? ችክችካዋን ትደልቃለች። እኔ ደግሞ በሰው ጉልበት መካከል ተሰንቅሬያለሁ፣ ፔዳሉ ከዳሱ በዚያኛው ጫፍ ነው።

«ኧረ ይህን ነገር ዝም አሰኙልኝ! እኔ ስፎክር ከበሮ ይደለቅብኛል?» አሉ ሽማግሌው፣ ዱላቸው በአየር ላይ እንደቀረ።

 ከሥራችን የቀረው ክብር እዚያው ሊያልቅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ሚስቴ ከዚህ በኋላ ደግማ ሰርግ አትወጣም የሚለው ነበር። ያን ጊዜ ከበሮው ቀጥ አለ። በግማሽ አልተቆረጠም፤ ዙሩን ጨርሶ፣ ምቱ በሚያርፍበት ላይ አረፈ። ዞር ብዬ ሳይ ሚስቴ ፔዳሉን ወደ ራሷ ስባ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ማቆሚያው ላይ አድርጋለች። ዓይኗ የሽማግሌው አፍ ላይ ነው።

እሳቸው ፎከሩ። አባታቸውን ጠርተው፣ ዘራፍ ብለው የመጨረሻዋን ቃል ሲጥሉ፣ ከቃሏ ጋር እኩል ከበሮው ተመልሶ ገባ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ዙሪያቸውን አዩ፤ ከበሮው እሳቸውን ሲጠብቅ የቆየ መሰላቸው። እውነታቸውን ነው፤ ሲጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ፔዳሉ አልተመለስኩም። እሷ ያዘችው። የሴቶቹን ጭብጨባ ቀድታ በከበሮው ላይ ደረበች፣ በእሱ ላይ ደግሞ እልልታቸውን። ግጥም እየተሰጠኝ ሳለሁ ጭብጨባውን ታቆምልኛለች፤ ግጥሙ እንዲሰማ። ተቀብዬ ስጨርስ ትመልሰዋለች። ስንት ዘመን ትንፋሼን ስትከተል የኖረች ሴት ናትና የት እንደማርፍ ከእኔ በፊት ታውቃለች። በስልክ ያየሁት ጊታር ተጫዋች ይቅርታ ያድርግልኝና፣ እሱ በሣጥኑ የተጫወተው ከራሱ ጋር ነው። እሷ ዳሱን በሙሉ ነው የተጫወተችው። ኮራሁባት፤ በዘፈን መሃል ስቄ ግጥም እስኪጠፋብኝ ኮራሁባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያልጠበቅሁትን አየሁ። ሚስቴ ተነሳች። ከተጋባን ጀምሮ ሰርግ ላይ ቆማ አይቻት አላውቅም፤ ከበሮ ጭን ላይ ሆኖ እንዴት ይቆማል? አሁን ግን ከበሮው ያለ እሷ እጅ ይመታል። ማይክራፎኑን ይዛ በሰው ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ እንደ ማንኛውም ተጋባዥ «ተቀበል» አለችኝና ግጥም ሰጠችኝ፦

«ትከሻዬ ቢዝል እጄ ባይሠራ፣
እግሬ ቆሞልኛል ከመሰንቆው ጋራ።»

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አይመልስም። እኔ ስድብም ሙገሳም፣ የሰከረም የጨዋም ግጥም ተቀብያለሁ። የሚስቴን ግን መቀበል አቅቶኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እንባዬ ጢሜ ላይ ወረደ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ። አልቻልኩም። ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀበለልኝ።