አጥር የመሰለኝ ዛፍ

ቡራዩ ካለው ቤታችን በር ላይ ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ የእፅዋት መናፈሻው ጋራ ፊት ለፊት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አየሁት እንጂ ገብቼበት አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ማስተር ፕላን በሚባለው ነገር ላይ በተነሳው ተቃውሞ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የልጄ ትምህርት ቤት አጠገብ ጎማ ሲቃጠል ካየሁ ወዲህ እሷን ከግቢ ማስወጣት ፈራሁ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ያንን ጋራ ስትስል ከረመች። ለአዲስ ዓመት ልብስ ልግዛልሽ ብላት፣

"ልብሱ ይቅር፣ እዚያ ውሰጂኝ" አለችኝ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ በበዓሉ ማግስት፣ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን "መንገዱ ሰላም ነው" ሲለኝ ተነሳን። ዳቦ፣ ውሃ፣ ሁለት ሁለት ሹራብ፣ መታወቂያዬን ያዝኩ። የእሷን የልደት ካርድ ሳይቀር ያዝኩ።

"እማዬ፣ ዛፍ ልናይ ነው ወይስ አገር ልንለቅ?" አለች።

መናፈሻው በር ላይ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ተቀበሉን። ልጄ ትምህርት ቤት በለመደችው ኦሮምኛ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው በራ። ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን እያዞሩ አሳዩን። አንዱን ወይራ ደገፍ ብለው፣ "ይሄ ከተማው ሳይኖር ነበር" አሉን። ልጄ ታፔላ ባየች ቁጥር ቆማ ትጽፋለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ታፔላ ማንበብ ይዘገየኛል፤ እጇን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ይዤ ስል አጥብቄ ነው፤ ለመጻፍ እንኳ እየተከራከረች ነበር የምታስለቅቀኝ።

ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን ደወለ። መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ቅጠል ያላሰረ መኪና አያልፍም አለኝ። በዚያን ጊዜ መኪና ፊት ላይ የታሰረ እርጥብ ቅርንጫፍ "ከእናንተ ጋር ነን፣ አሳልፉን" ማለት ነበር።

"መናፈሻው በር ጋ እየጠበቅኋችሁ ነው፤ ቅጠል ይዛችሁ ኑ፣ ማዘር!"

ከመናፈሻው መንገድ ዳር የኮርች ዛፍ አየሁ። እኔ በተወለድኩበት በደቡብ ኮርች አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ማንም ይቆርጠዋል። ክንዴን የሚያህል ቅርንጫፍ ጎትቼ ገነጠልኩ፤ እሾሁ መዳፌን ቧጠጠኝ።

"እማዬ!" አለች ልጄ፣ ደንግጣ። "ታፔላው አትንኩ ይላል እኮ! ከእኛ አገር ሌላ የትም የለም ይላል!"

ሽማግሌው እየሮጡ መጡ። "ምነው ልጄ? ሌላ ሰው ቢያደርገው እሺ፣ ልጅ ይዘሽ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አባቴ፣ ይቅር በሉኝ። መንገድ ተዘግቷል፤ ልጄን ቤት የማስገባበት ባጣ ነው። ደግሞም አልሞተም፤ ኮርች ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል። የአባቴ አጥር በሙሉ እንዲህ ነው የበቀለው።"

የተገነጠለውን ጫፍ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቅርንጫፉን ተቀበሉኝና ለልጄ ዶማ ሰጧት። "እናትሽ እውነቷን ከሆነ እናያለን። ቆፍሪ!"

እጇን ለቀቅኳት። ቅጠሉን አራግፈን፣ የወፈረውን ጫፍ ወደ ታች አድርገን ተከልነው፤ አፈሩን በእግሬ ጠቀጠቅኩት። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ ትልቅ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሰጡን። "ለመንገዱ ይሄ ይበቃል።"

ባጃጁ ፊት ላይ አሰርነው። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ከየት እንደመጣን በኦሮምኛ ጠየቀ። መታወቂያዬን ስፈልግ ልጄ ቀድማኝ መለሰችለት፤ ዛፍ ልናይ ሄደን፣ እናቴ አንዱን ሰብራ፣ መልሰን ተክለን መጣን አለችው። ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ድንጋዩን ወደ ዳር አንከባለሉት።

"ነጋን ገላ" አለን ወጣቱ፤ በሰላም ግቡ ማለቱ ነው።

እኔ የምፈራበት መንገድ ላይ እሷ አፏን ሞልታ ታወራለች። ያንን ቤት እስክንደርስ ሳስበው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ወደ መናፈሻው ሊወስድ ሆነ። ቅርንጫፉ ይዞ እንደሆነ ሳታይ እንደማታድር ነገረችኝ። መንገዱ ገና አስተማማኝ አልነበረም። ሹራብ አንድ ብቻ ሰጥቼ ላክኋት፤ የልደት ካርዷ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጋራውን ሳይ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ደብተሯን ከፍታ እያሳየችኝ ገባች። ቀጥ ያለ እንጨት ስላ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ቅጠል አድርጋለች።

"ሽማግሌው ሰላም ብለውሻል። እናትሽ እውነቷን ነው አሉኝ።"