ተገልብጦ የተገጠመ መቃኛ

ሊወስዱኝ ሲመጡ እግሩ የተናጋ የተማሪ ወንበር እየጠገንኩ ነበር። ከሁለቱ ፖሊሶች አንደኛው መዶሻውን ከእጄ ተቀበለኝና የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ይዞት ቆመ። "ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው መምህር፤ አሁን ትመለሳለህ" አለኝ። ያቺ አንድ ጥያቄ ሰባት ወር ፈጀች።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። አሶሳ ላይ የየቢሮው ሰሌዳ ቀለም ሳይደርቅ እስረኛው ቀድሞ ስለደረሰ፣ እኛን ያስገቡን አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። ከግድግዳው ስንጥቅ የማሽላ ብናኝ እየረገፈ አንገታችንን ሲያሳክከን ይውላል።

እኔ የወንበራ ሰው ነኝ፤ እዚያው ወረዳ ባለችው ደብረ ዘይት ተወልጄ የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ አሶሳ የተመደብኩ። ስብሰባ ላይ አፌ አላርፍ ብሎኝ "ትምክህተኛ" ተባልኩ። አጠገቤ የሚተኛው የበርታ ልጅ ደግሞ "ጠባብ" ተብሎ ነው የገባው። ትምክህተኛውና ጠባቡ አንድ ሰሌን ላይ ተኛን። ብርድ ልብሱም አንድ ነበር።

ልጁ የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበር። ማሽላ ስለሚሰርቅ ዝንጀሮ የሚያስቅ ዘፈን አውጥቶ አደባባይ ላይ ሲጫወት አንድ ባለሥልጣን "ይኼ እኔን ነው" አሉ። "ወላሂ ኡስታዝ፣ እኔ ዝንጀሮውን ነው ያልኩ!" እያለ ይምልልኝ ነበር። ኡስታዝ የሚለኝ መምህር ማለቱ ነው። እኔስ አምኜዋለሁ፤ ማመን የነበረባቸው ግን ሌሎች ናቸው።

ምርመራ ላይ ያለ እስረኛ ጠያቂ አይገባለትም። ምግቡን በር ላይ ተቀብለው ባዶውን ሳህን ይመልሳሉ፤ በቃ። የልጁ እናት በየቀኑ የማሽላ ገንፎ ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ሰኞ ከልጁ ሰፈር የተያዘ ሰው ወደ እኛ ክፍል ገባና ሁለቱ በቋንቋቸው ጥቂት ተንሾካሾኩ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"እናቴ ልጄ ሞቷል ይላል፣ ኡስታዝ።"

ገበያ ላይ ተወርቶ ነው። ባዶው ሳህን ሲመለስላቸው "እኔ የምቀልበው ፖሊስ ነው" ይላሉ አሉ። እንዲታጠብለት ሸሚዙን ልኮላቸው ነበር፤ "የሞተ ሰው ልብስም ለቤተሰብ ይመለሳል" ብለው አለቀሱበት። እስከ አርብ ድረስ በሕይወት መኖሩን ካላወቁ ቅዳሜ ለቅሶ ሊቀመጡ ቆርጠዋል። እህል ከቀመሱም ቀናት ሆኗቸዋል።

"ለቅሶ ከተቀመጠ አይነሳም። ልቡ ደካማ ነው" አለኝ። ሴትና ወንድ በአማርኛ መለየት አይሆንለትም፤ እኔም መምህር ሆኜ አርሜው አላውቅም።

ዘቡን በበሩ ቀዳዳ ለመንኩት። ልጁ አንድ ቃል ይናገር፣ የእናቱን ስም ብቻ ይጥራ አልኩ። "ከዚህ ግቢ ቃል አይወጣም" አለኝ። ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ቤተሰቡ ጮኾ የተጣራ ሰው ምን እንደደረሰበት ከዚያ በፊት አይተናል።

በማግስቱ የጣቢያው ኃላፊ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ጊታር ተጋድሟል። የልጁ ነው፤ ከእሱ ጋር ታስሮ ኤግዚቢት የተባለ። መኪና ላይ ሲወረውሩት የክሮቹ መቃኛዎች ተሰባብረዋል።

"ለበዓሉ የኛ ኪነት ይፈልገዋል" አለኝ ኃላፊው። "እጅህ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ።"

በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት መቃኛዎች ከመሳቢያው አወጣ። ባምባሲ አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ስብርባሪ ጊታር የተነቀሉ ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ በየቆርቆሮው ላይ ሦስት ሦስት ቁልፍ ያላቸው። ደሜ ፈላ። ማሰሩ ሳያንስ ደግሞ ሊያሠራኝ! "አልነካውም" ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አርብ ትዝ አለኝ።

"እገጥመዋለሁ" አልኩ። "ግን እኔ የማውቀው እንጨቱን ነው፤ ዜማ አላውቅም። የሚቃኘው ባለቤቱ ነው። አርብ ጠዋት፣ አጥሩ ሥር፣ ብርሃን ባለበት።"

ኃላፊው ሞኝ አልነበረም። አርብ ጠዋት አጥሩ ማዶ ማን እንደሚቆም ያውቃል። ብዙ አየኝና "አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ዘፈን የለም፤ ቃል የለም" አለ።

"ቃል የለም" አልኩ።

ሐሙስ ሠራሁት። ካቻቢቴ እስረኛ እጅ አይገባምና አንድ ፖሊስ ጉልበቴ ሥር ተቀምጦ ለአንድ ብሎን ይሰጠኛል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ይቀበለኛል፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ይሰጠኛል። እንዲህ ያለ ረዳት ለጠላቴም አይስጠው። የድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ሰፍተው ስለነበር የክብሪት እንጨት በሙጫ እየሞላሁ እንደገና በሳሁ። ክሮቹን አስሬ ጠበቅ እስኪሉ ድረስ አዞርኩ። ሥራዬ አማረኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

አርብ ጠዋት ልጁንና እኔን ወደ ማንጎው ዛፍ አወጡን። በቀርከሃው አጥር ሥር የስንቅ አቀባዮች እግርና የሳህን ጫፍ ይታያል። ፊት አይታይም። ልጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኛው። ቀጭኑን ክር ነካ አደረገ፤ ከልክ በላይ ጠብቋል መሰለኝ፣ ሊያላላው በለመደው በኩል ሁለቴ አዞረ።

ክሩ ተበጠሰ።

መቃኛውን አየሁ። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጥሜዋለሁ። ሲያላሉት ይጠብቃል፣ ሲያጠብቁት ይላላል። ሃያ ዓመት እንጨት የሠራሁ ሰው! ትርፍ ክር የለም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ሰበራችሁት!" አለ ኃላፊው።

ልጁ ግን ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ኡስታዝ፣ የአንተ መኪና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው!" አለኝና የቀሩትን አምስቱን በግልባጭ እያዞረ ቀስ ብሎ ቃኛቸው።

"የቀጭኑስ ነገር?" አልኩት።

"እሱ ሰውዬ ዛሬ ቀርቷል። ቦታውን እተውለታለሁ።"

የዙምባራን ነገር ማለቱ ነበር። ዙምባራ የበርታዎች ረጅም መለከት ነው፤ ብዙ ሆነው ይነፉታል፣ አንድ ሰው ግን አንዲት ድምፅ ብቻ አለችው፣ እሷኑ ተራውን ጠብቆ ያሰማል። ሰውየው ከቀረ ተራው ባዶውን ያልፋል። ልጁ የጀመረው የሰፈሩን የዙምባራ ዜማ ነበር፤ እናቱ ሲጨፍሩበት የኖሩትን። የተበጠሰው ክር ተራ በደረሰ ቁጥር ጣቱን አንስቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

አንድ ዙር ሄደ። ከማዶ ምንም የለም። ሁለተኛውም ሄደ። የሳህን ኳኳታ ቆሟል፤ ሁሉም እየሰማ ነው። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እኔ ክሩ የነበረበትን ቦታ እያየሁ ራሴን እረግማለሁ።

በሦስተኛው ዙር ልጁ ጣቱን ሲያነሳ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረነነ የሴት ድምፅ ያቺን አንዲት የጎደለች ድምፅ በቦታዋ ላይ አስቀመጠ።

ልጁ ደነገጠ። እጁ ግን አልቆመም። ተራው እንደገና ደረሰ፤ ጣቱን አነሳ፤ እናቱ ሞሉለት። እንደገና። እንደገና። እንባው አፍንጫው ላይ እየወረደ፣ ጊታሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ይጫወታል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ኃላፊው ወደ እኔ መጣ። "ይኼ ቃል ነው?" አለኝ ዝቅ ብሎ።

"አይደለም" አልኩት።

ኃላፊው ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነና ወደ ማንጎው ጥላ ሄደ። የፈቀደው አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሲያበቃ ልጁ ጊታሩን በሸሚዙ ጠርጎ በሁለት እጁ ለፖሊሱ አስረከበ፤ ለእንግዳ ዕቃውን እንደሚያውስ ሰው። "እናቴ ሰማ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠርቶ "መቃኛውን ገልብጠህ በትክክሉ ትገጥመዋለህ" አለኝ።

"ባለቤቱ ይዘዘኝና እሠራዋለሁ" አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ለዚህች መልስ ሁለት ሳምንት ከመጋዘኑ ሳልወጣ ፀሐይ አላየሁም።

ቅዳሜ ገንፎው መጣ። ልጁ ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ጨረሰው።

ከወር በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ተፈትቶ እንደገና እንደሚጫወት ከዓመታት በኋላ ሰማሁ፤ አልተገናኘንም። እናቱን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ መንገድ ላይ ብናልፍም አልለያቸው ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ደጃፍ ላይ የጎረቤት ወንበርና አልጋ እጠግናለሁ። ብሎን ሳጠብቅ አንዳንዴ እጄን ገታ አድርጌ ግራና ቀኙን አያለሁ። ያንን ክር ስላስበጠስኩበት ልጁን ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም። ባገኘውም አልጠይቀውም።